መረቡ ከአንድ ቅርንጫፍ ሲታይ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ፊዚክስን የተማረ ሰው ሬዚስተሮችን በሁለት መንገድ ማዋሐድ ይችላል። በተከታታይ የተያያዙትን ይደምራል፤ በትይዩ የተያያዙትን ደግሞ የግልብጦቻቸውን ድምር ወስዶ መልሶ ይገለብጣል። በእነዚህ ሁለት ስሌቶች ብዙ መረቦች ደረጃ በደረጃ እየጠበቡ ሄደው በመጨረሻ አንድ ሬዚስተር ብቻ ይሆናሉ። ከዚህ ተነሥቶ ማንኛውም መረብ በዚሁ ዘዴ ይፈታል ብሎ የሚያምን ተማሪ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ አምስት ሬዚስተሮችና አንድ ባትሪ ብቻ ያሉት፣ በወረቀት ላይ እጅግ ቀላል መስሎ የሚታይ አንድ መረብ ይህን እምነት ያፈርሰዋል።

አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢከታተል ይመረጣል። በወረቀቱ ላይ በአንድ ጫፉ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ እንሣል። የላይኛውን ማዕዘን «ሀ»፣ የግራውን «ለ»፣ የቀኙን «ሐ»፣ የታችኛውን «መ» ብለን እንሰይም። ከ«ሀ» ወደ «ለ» ባለው ጎን 4 ኦም፣ ከ«ለ» ወደ «መ» 12 ኦም፣ ከ«ሀ» ወደ «ሐ» 6 ኦም፣ ከ«ሐ» ወደ «መ» 3 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮችን እናስቀምጥ። ከዚያም «ለ»ን ከ«ሐ» ጋር እንደ ድልድይ የሚያገናኝ 5 ኦም ሬዚስተር እንጨምር። በመጨረሻም 12 ቮልት ባትሪ ወስደን አዎንታዊ ዋልታውን ከ«ሀ»፣ አሉታዊ ዋልታውን ከ«መ» ጋር እናያይዝ። የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ እዚህ ግባ የማይባል ነው እንበል። ጥያቄው አንድ ነው፦ በድልድዩ፣ ማለትም በ5 ኦሙ ሬዚስተር ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ምን ያህል ነው? ወዴትስ ይፈስሳል?

ድልድዩ ባይኖር ኖሮ 4 ኦሙና 12 ኦሙ፣ እንዲሁም 6 ኦሙና 3 ኦሙ በተከታታይ የተያያዙ በሆኑ ነበር። ድልድዩ ሲዘረጋ ግን በ«ለ» ላይ ሦስት መንገዶች ስለሚገናኙ በ4 ኦሙ ያለፈው ጅረት ሁሉ በ12 ኦሙ ያልፋል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱ በተከታታይ የተያያዙ አይደሉም። 4 ኦሙና 6 ኦሙ ደግሞ በ«ሀ» ላይ ቢገናኙም ሌሎቹ ጫፎቻቸው በተለያዩ ነጥቦች ላይ ስለሚያርፉ ትይዩም አይደሉም። በመረቡ ውስጥ ለመደመርም ሆነ ለመገልበጥ የሚመች አንድም ጥንድ የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጅረት በተለያዩ መንገዶች ፈልጎ ማግኘት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ከመልሱ ያለፈ ነው። አንድ ቅርንጫፍ የተያያዘበትን መረብ፣ መረቡ የቱንም ያህል ሰፊና ውስብስብ ቢሆን፣ የሚያውቀው በሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚነግሩንንና የሚደብቁብንን ለይቶ ማወቅ ከፈተና ውጤት አልፎ የተቀበረ የስልክ መስመር የት ላይ እንደ ተበላሸ ለመለየትና መኖሪያ ቤትን ከእሳት አደጋ ለመጠበቅ ይረዳል።

የሃያ አንድ ዓመቱ ተማሪ

እ.ኤ.አ. በ1827 ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ከቮልቴጁ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና እንዳለው የሚያስረዳ መጽሐፉን አሳተመ። የኦም ሕግ ስለ አንድ ሽቦ ይናገራል። ብዙ ሽቦዎች ተያይዘው መረብ ሲሠሩ ጅረቱ በየቅርንጫፉ እንዴት እንደሚከፋፈል በግልጽ ሕግ ያስቀመጠው ግን ጉስታቭ ኪርሾፍ ነው። ኪርሾፍ ይህን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1845 ሲያወጣ በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር።

የመጀመሪያው የኪርሾፍ ሕግ ወደ አንድ መጋጠሚያ የሚገባው ጅረት ድምር ከመጋጠሚያው ከሚወጣው ጅረት ድምር ጋር እኩል ነው ይላል። የመስኖ ቦይ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ውኃው ካልፈሰሰና ካልተጠራቀመ በቀር በአንዱ ቦይ የገባው በሁለቱ መውጣቱ አይቀርም። ኤሌክትሪካዊ ሙልም እንዲሁ ነው፤ ከምንም አይፈጠርም፣ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስም አይጠፋም።

ሁለተኛው ሕግ በማንኛውም ዝግ ዙር ውስጥ የቮልቴጅ ጭማሪዎችና ቅናሾች ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ ይላል። ከቤቱ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው የወጣው ከፍታና የወረደው ከፍታ እኩል ነው። የመጀመሪያው ሕግ የሙል ጥበቃን፣ ሁለተኛው የጉልበት ጥበቃን በመረብ ቋንቋ የሚገልጹ ናቸው።

ወደ መረባችን እንመለስ። የባትሪውን መስመር ጨምሮ ስድስት ቅርንጫፎች ስላሉ ስድስት ያልታወቁ ጅረቶች አሉ። ከአራቱ መጋጠሚያዎች ሦስት ነጻ እኩልታዎች ይገኛሉ፤ አራተኛው ከሦስቱ የሚከተል በመሆኑ አዲስ ነገር አይጨምርም። ቀሪዎቹ ሦስት እኩልታዎች ከሦስት ዙሮች ይገኛሉ። ስድስት ያልታወቁ፣ ስድስት እኩልታዎች ማለት ነው። መፍትሔው በእርግጠኝነት አለ፤ መንገዱ ግን ረጅም ከመሆኑም በላይ በመደመርና በመቀነስ ምልክቶች የተሞላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚያስጨንቅ አንድ ነጥብ አለ፦ የጅረቱን አቅጣጫ አስቀድመን ሳናውቅ እኩልታውን እንዴት እንጽፋለን? መልሱ መገመት ነው። ግምቱ ትክክል ከሆነ መልሱ አዎንታዊ፣ ካልሆነ አሉታዊ ሆኖ ይወጣል፤ መጠኑ ግን አይለወጥም። አሉታዊ መልስ የስሕተት ምልክት አይደለም። ጅረቱ በተገመተው አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው እንደሚፈስስ የሚገልጽ ሙሉ መልስ ነው። ስሕተት የሚመጣው በስሌቱ መካከል ግምቱን ሲቀያይሩት ነው።

ከስድስት ወደ ሁለት

ጅረቶቹን ትተን የነጥቦቹን ቮልቴጅ ብንፈልግ ድካሙ በእጅጉ ይቀንሳል። «መ»ን እንደ ዜሮ ብንወስድ «ሀ» 12 ቮልት ላይ ነው። የማይታወቁት የ«ለ» እና የ«ሐ» ቮልቴጆች ብቻ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ የመጀመሪያውን የኪርሾፍ ሕግ እንጻፍ፤ በድልድዩ ያለው ጅረት ከ«ለ» ወደ «ሐ» ይፈስሳል ብለን እንገምት።

በ«ለ» ላይ፦ (12 − ለ) ÷ 4 = ለ ÷ 12 + (ለ − ሐ) ÷ 5

በ«ሐ» ላይ፦ (12 − ሐ) ÷ 6 + (ለ − ሐ) ÷ 5 = ሐ ÷ 3

የመጀመሪያውን በ60፣ ሁለተኛውን በ30 አባዝተን ስናስተካክልና ስናቃልል የሚከተሉትን እናገኛለን።

8ለ − 3ሐ = 45

7ሐ − 2ለ = 20

መፍትሔው ለ = 7.5 ቮልት፣ ሐ = 5 ቮልት ነው። በድልድዩ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት 2.5 ቮልት ስለሆነ ጅረቱ 2.5 ÷ 5 = 0.5 አምፒር ይሆናል። መልሱ አዎንታዊ ስለሆነ ጅረቱ እንደ ገመትነው ከ«ለ» ወደ «ሐ» ይፈስሳል።

መልስ ማግኘት የሥራው መጨረሻ አይደለም፤ መፈተሽ አለበት። በ4 ኦሙ 1.125 አምፒር ይገባል፤ በ12 ኦሙ 0.625 አምፒር ይወጣል፤ ልዩነቱ ድልድዩን የተሻገረው 0.5 አምፒር ነው። በ6 ኦሙ 1.167 አምፒር ያህል፣ በ3 ኦሙ ደግሞ 1.667 አምፒር ያህል ያልፋል፤ ልዩነቱ አሁንም 0.5 ነው። ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ጅረት 2.292 አምፒር ያህል ሲሆን ባትሪው የሚሰጠው ኃይል 27.5 ዋት ነው። አምስቱ ሬዚስተሮች ወደ ሙቀት የሚለውጡት ኃይል አንድ በአንድ ተሰልቶ ሲደመርም እዚያው 27.5 ዋት ላይ ይደርሳል። በመጽሐፍ መጨረሻ የታተመ መልስ በማይገኝበት የሥራ ዓለም ስሌትን በራሱ የማረጋገጫው መንገድ እንዲህ ያለው ነው።

ጥያቄው ሲለወጥ

አሁን 5 ኦሙን ሬዚስተር አውጥተን በ20 ኦም እንተካው። ከዚያም በ1 ኦም፣ ከዚያም በ100 ኦም። በያንዳንዱ ለውጥ ሁለቱን እኩልታዎች እንደ አዲስ መጻፍና መፍታት ይኖርብናልን? ሌላው መረብ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ታዲያ ያልተለወጠውን ክፍል አንድ ጊዜ አስልቶ ማስቀመጥ አይቻልም?

ይቻላል። በመጀመሪያ ድልድዩን ከመረቡ ነቅለን እናውጣው። በግራ በኩል 4 ኦሙና 12 ኦሙ አሁን በተከታታይ ስለተያያዙ የ«ለ» ቮልቴጅ 12 × 12 ÷ 16 = 9 ቮልት ይሆናል። በቀኝ በኩል የ«ሐ» ቮልቴጅ 12 × 3 ÷ 9 = 4 ቮልት ነው። በሁለቱ ክፍት ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት 5 ቮልት ነው። ይህ የመጀመሪያው ቁጥራችን ነው።

ቀጥሎ ባትሪውን አውጥተን በቦታው ተቃውሞ የሌለው ሽቦ እናድርግ። ያን ጊዜ «ሀ» እና «መ» አንድ ነጥብ ይሆናሉ። ከ«ለ» ተነሥተን ስናይ 4 ኦሙና 12 ኦሙ ትይዩ ሆነው 3 ኦም ይሰጣሉ፤ ከ«ሐ» ተነሥተን ስናይ 6 ኦሙና 3 ኦሙ ትይዩ ሆነው 2 ኦም ይሰጣሉ። ከ«ለ» እስከ «ሐ» ያለው ተቃውሞ የሁለቱ ድምር፣ ማለትም 5 ኦም ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥራችን ነው።

እንግዲህ ድልድዩ ላይ ለሚቀመጥ ማንኛውም ሬዚስተር፣ ባትሪውና አራቱ ሬዚስተሮች በአንድነት ከ5 ኦም ጋር በተከታታይ ከተያያዘ አንድ 5 ቮልት ባትሪ የተለዩ አይደሉም። 5 ኦም ስናስቀምጥ ጅረቱ 5 ÷ (5 + 5) = 0.5 አምፒር ነው፤ ቀድሞ ያገኘነውም ይህንኑ ነው። 20 ኦም ስናስቀምጥ 5 ÷ 25 = 0.2 አምፒር፣ ድልድዩን በባዶ ሽቦ ብናገናኘው ደግሞ 5 ÷ 5 = 1 አምፒር ይሆናል። እያንዳንዱ መልስ የአንድ መስመር ስሌት ሆነ።

ይህን ማድረግ የተፈቀደልን ለምንድን ነው? የመረቡ እኩልታዎች ሁሉ መስመራዊ ስለሆኑ ነው። በድልድዩ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በድልድዩ ከሚያልፈው ጅረት ጋር የሚያዛምደው ግራፍ ከዚህ የተነሣ ቀጥተኛ መስመር ይሆናል። ቀጥተኛ መስመርን ለመወሰን ደግሞ ሁለት ነጥቦች ይበቃሉ። አንደኛው ድልድዩ ክፍት ሲሆን የሚገኘው 5 ቮልት፣ ሁለተኛው ድልድዩ በባዶ ሽቦ ሲገናኝ የሚገኘው 1 አምፒር ነው። መረቡ አምስት ሬዚስተር ይኑረው አምስት ሺህ፣ ከሁለት ነጥቦች ሲታይ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የሆነበት ምክንያት ከዚህ የጠለቀ አይደለም።

ይህን እውነት መጀመሪያ ያሳተመው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ባወጣው ጽሑፍ ያሳሰበው ጉዳይ የእንስሳት ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በሕያው አካል ውስጥ የሚገኝ የኤሌክትሪክ ምንጭ ከውጭ ሲለካ ምን እንደሚመስል ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ሌዎን ሻርል ቴቬኒን ይህንኑ በራሱ መንገድ ደርሶበት ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠራውም በእርሱ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ ጀርመናዊው ሃንስ ፈርዲናንድ ማየርና አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኖርተን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ መረቡን በጅረት ምንጭና ከእርሱ ጋር ትይዩ በሆነ ተቃውሞ መተካት እንደሚቻል አሳዩ። በእኛ ምሳሌ ይህ 1 አምፒር ምንጭ ከ5 ኦም ጋር ትይዩ ሆኖ ማለት ነው።

መለኪያውም ቅርንጫፍ ነው

በቤተ ሙከራ ያለ ተማሪ የድልድዩን ጅረት ማስላት ትቶ በቀጥታ ሊለካው ይችላል። ድልድዩን ቆርጦ አሜትር ያስገባል። የአሜትሩ ውስጣዊ ተቃውሞ 1 ኦም ቢሆን ግን የሚያነበው ጅረት 5 ÷ (5 + 5 + 1) = 0.455 አምፒር ያህል እንጂ 0.5 አይሆንም። ቅናሹ 9 በመቶ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ በውስጡ የሚያልፈውን ጅረት በትክክል ነግሮናል። ነገር ግን የሚለካው መረብ ከመሣሪያው መግባት በፊት የነበረው መረብ አይደለም።

ሁለቱን ቁጥሮች የሚያውቅ ተማሪ ይህን ስሕተት አስቀድሞ ይገምተዋል፤ ያርመዋልም። የአሜትሩ 1 ኦም ቀላል ነው ወይስ ከባድ የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ቅርንጫፉ ከራሱና ከመረቡ በጠቅላላው 10 ኦም ሲኖረው 1 ኦም ጉልህ ነው፤ 10,000 ኦም ቢኖረው ኖሮ ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ዜሮ ሲናገር

በመረባችን 3 ኦሙን ሬዚስተር በ18 ኦም ብንተካው የ«ሐ» ቮልቴጅ 12 × 18 ÷ 24 = 9 ቮልት ይሆናል። የ«ለ»ም 9 ቮልት ነው። ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ በድልድዩ ላይ ምንም ዓይነት ሬዚስተር ቢቀመጥ ጅረት አያልፍም። የግራው ጥንድ ንጽጽር (4 ለ12) ከቀኙ ጥንድ ንጽጽር (6 ለ18) ጋር እኩል ሲሆን ድልድዩ ሚዛን ጠበቀ ይባላል። የባትሪው ቮልቴጅ ቢወርድ እንኳ ሚዛኑ አይናጋም። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1833 ያቀረበው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 በስፋት ያስተዋወቀው ቻርልስ ዊትስቶን የክሪስቲን ቀዳሚነት ራሱ ቢገልጽም ስሙ ግን በዊትስቶን ቀረ።

የዚህ ዜሮ ጥቅም በቴሌግራፍና በስልክ መስመሮች ላይ ጎልቶ ታይቷል። ከመሬት በታች የተቀበረ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመዳብ ገመድ አለ እንበል። በውስጡ ካሉት ሁለት እኩል ሽቦዎች የአንዱ ልባስ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ሽቦው ከእርጥብ መሬት ጋር ተገናኝቷል። ብልሽቱ የት ነው? አሥር ኪሎ ሜትር መንገድ እየቆፈሩ መፈለግ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል።

ባለሙያው በሩቁ ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛቸዋል። ስለዚህ በእጁ ያለው 20 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ ዙር ነው። በቅርቡ ጫፍ ጋልቫኖሜትሩን በሁለቱ ሽቦዎች ጫፎች መካከል ያደርጋል፤ እነዚህ የእኛ «ለ» እና «ሐ» ናቸው። ከእነዚህ ጫፎች ሁለት የታወቁ ሬዚስተሮችን ወደ አንድ መጋጠሚያ፣ ወደ «ሀ»፣ ያመጣል። ባትሪውን በ«ሀ» እና በመሬት መካከል ያደርጋል። አራተኛው ማዕዘን፣ «መ»፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ብልሽት ራሱ ነው።

ሬዚስተሮቹ እየተስተካከሉ ሄደው በጤነኛው ሽቦ በኩል 1,000 ኦም፣ በተበላሸው በኩል 250 ኦም ላይ ሲደርሱ ጋልቫኖሜትሩ ዜሮ አነበበ እንበል። ያን ጊዜ ብልሽቱ በተበላሸው ሽቦ በኩል ካለው ጫፍ የሚርቀው 20 × 250 ÷ 1,250 = 4 ኪሎ ሜትር ነው። ቆፋሪዎቹ ወደ አንድ ቦታ ይላካሉ። በጣም የሚያስደንቀው ደግሞ ሌላ ነው። በብልሽቱ ቦታ በሽቦውና በመሬቱ መካከል ያለውን ተቃውሞ ማንም አያውቀውም፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም ይለዋወጣል። ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ ከባትሪው ጋር በተከታታይ ስለሚገኝ የጋልቫኖሜትሩን ንቃት ይቀንሳል እንጂ የሚዛኑን ቦታ አይለውጥም።

ሚዛኑ ትንሽ ሲዛነፍም መልእክት አለው። በገበያ የምናየው ዲጂታል ሚዛን በውስጡ አራት ሬዚስተሮች የተለጠፉበት ብረት ይዟል። በተለመደ ዓይነቱ እያንዳንዱ 350 ኦም ነው። ዕቃ ሲጫን ብረቱ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች ይለጠጣሉ፣ ሁለቱ ይጨመቃሉ። በሙሉ ጭነት ጊዜ የእያንዳንዱ ለውጥ 0.7 ኦም ቢሆን፣ ማለትም ከሺህ ሁለት እጅ፣ ለድልድዩ 10 ቮልት ሲሰጠው በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል 20 ሚሊቮልት ይገኛል። የምንከፍልበት ኪሎ የሚነበበው ከዚህች ትንሽ ልዩነት ነው።

ሶኬቱና የተደበቀው ሙቀት

የቤታችን የኤሌክትሪክ መስመርም መረብ ነው። ከኃይል ማመንጫዎች ተነሥቶ በማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ በትራንስፎርመሮች፣ በምሰሶ ሽቦዎችና በቆጣሪ በኩል ይመጣል። ምጣዱ ለተሰካበት ሶኬት ግን ይህ ሁሉ በግርድፉ ሁለት ቁጥሮች ነው። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት በሶኬቱ 220 ቮልት ነበር እንበል። ምጣዱ ተሰክቶ 15 አምፒር ሲስብ ቮልቴጁ ወደ 208 ወረደ። የ12 ቮልቱ ቅናሽ ለ15 አምፒር ሲካፈል 0.8 ኦም ይሰጣል። አምፖሉ የሚደበዝዘው በዚህ 0.8 ኦም ምክንያት ነው። (እንዲህ ያለው ልኬት ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው፤ በ220 ቮልት ላይ መሞከር ሕይወት ያሳጣል።)

ሁለቱ ቁጥሮች ስለ አደጋም ይነግሩናል። በዚህ ሶኬት ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ፣ በተለምዶ «ኮንታክት» የምንለው ቢፈጠር፣ ጅረቱ 220 ÷ 0.8 = 275 አምፒር ይሆናል። 32 አምፒር ብሬከር ይህን ሲያይ ወዲያው ይቆርጣል። አሁን ደግሞ ቀጭን ሽቦ በሽቦ ላይ እየተቀጠለ ወደ ጓሮ በተዘረጋ መስመር ጫፍ ላይ ያለው ተቃውሞ 8 ኦም ደረሰ እንበል። እዚያ ኮንታክት ቢፈጠር ጅረቱ 27.5 አምፒር ብቻ ነው። ብሬከሩ ይህን እንደ ተራ ጭነት ቆጥሮ ዝም ይላል፤ በመስመሩ ላይ ግን ከ6,000 ዋት በላይ ሙቀት ይለቀቃል። አነስተኛ የኮንታክት ጅረት ከትልቁ ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ የምንለው ስለዚህ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች የማይነግሩን ነገርም አለ። ወደ አምስቱ ሬዚስተሮቻችን እንመለስ። ድልድዩ ክፍት ሲሆን ተተኪው 5 ቮልት ባትሪና 5 ኦም ምንም ጅረት ስለማይኖራቸው ምንም ሙቀት አያወጡም። በእውነተኛው መረብ ግን በግራው በኩል 144 ÷ 16 = 9 ዋት፣ በቀኙ በኩል 144 ÷ 9 = 16 ዋት፣ በድምሩ 25 ዋት ይቃጠላል። ተተኪው ስለ ድልድዩ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ስለ መረቡ ውስጥ ግን ምንም አይልም።

በቤታችን ምሳሌም 15 አምፒር በ0.8 ኦም ሲያልፍ 15 × 15 × 0.8 = 180 ዋት ከምጣዱ ውጪ ይባክናል። ይህ ሙቀት በረጅሙ ሽቦ ላይ ተበትኖ ከሆነ እምብዛም አያሰጋም። አብዛኛው በአንድ በላላ ብሎን ወይም በአንድ ያረጀ ሶኬት ላይ የተከማቸ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል። ከሶኬቱ ላይ ሆነን ሁለቱን ሁኔታዎች በቁጥር መለየት አንችልም፤ ሁለቱም 220 ቮልትና 0.8 ኦም ናቸው። የሚለየው ሳጥኑን ከፍቶ ያየ ወይም የግድግዳውን ሙቀት ያስተዋለ ሰው ነው።

የዘዴው ወሰን

ቴቬኒን የሚሠራው የመረቡ ክፍሎች መስመራዊ ሲሆኑ ነው። ዳዮድ ወይም ባለ ፈትል አምፖል በመረቡ ውስጥ ካለ ግራፉ ቀጥተኛ መሆኑ ይቀራል። እንዲህ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ከሆነ ግን እርሱን እንደ ድልድዩ ነቅለን ቀሪውን በሁለት ቁጥሮች ከተካን በኋላ የክፍሉን ኩርባ ከቀጥተኛው መስመር ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ሥለን የሚቋረጡበትን ነጥብ እናነባለን። በተለዋዋጭ ጅረት ጊዜ ደግሞ ተቃውሞው ለኮይልና ለካፓሲተር ጭምር በሚሆን በኮምፕሌክስ ቁጥር የሚጻፍ መጠን ይተካል፤ የአሠራሩ መንፈስ አይለወጥም።

ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ መጋጠሚያዎች ያሉት መረብ በኮምፒውተር ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ የተሠራው «ስፓይስ» የተባለ ፕሮግራምና ተከታዮቹ መሠረታቸው እኛ በ«ለ» እና በ«ሐ» ላይ የጻፍነው ዓይነት እኩልታ ነው። ኮምፒውተሩ የሁሉንም ቅርንጫፎች ጅረት በአንድ ቅጽበት ይሰጣል። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚያሳስበን፣ መልሱ ከእውነታ ጋር መስማማቱንና በሳጥኑ ውስጥ የተደበቀው ምን እንደሆነ የመጠየቁ ድርሻ ግን የእኛው ነው።

አንባብያን በራሳቸው የሚሞክሩት አንድ ጥያቄ እነሆ። በመጀመሪያው መረብ የ4 ኦሙና የ12 ኦሙ ሬዚስተሮች ቦታ ቢለዋወጥ፣ ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ፣ በ5 ኦሙ ድልድይ የሚያልፈው ጅረት ምን ያህል ይሆናል? አቅጣጫውስ? ከሁለቱ ቁጥሮች የሚለወጠው የትኛው ነው፣ የማይለወጠውስ ለምን? መልሱን በመጀመሪያ በነጥቦች ቮልቴጅ፣ ቀጥሎ በቴቬኒን ያግኙት፤ ሁለቱ ካልተስማሙ በምልክቶቹ ላይ እንደገና ይመለሱ።